የታራንቱላ ጠባይ፦ ስለ አንድ መድኀኒትና ስለ ፑልያ ሴቶች ሕማም

ሆሚዮፓቲ የሚባለውን የሕክምና መንገድ የሚከተሉ ሐኪሞች ባዘጋጁአቸው የመድኀኒት መጻሕፍት ውስጥ እያንዳንዱ መድኀኒት እንደ ሰው ጠባይና ባሕርይ ተሰጥቶት፣ ምን እንደሚወድና ምን እንደሚጠላ፣ በምን እንደሚቈጣና በምን እንደሚጽናና ተዘርዝሮለት ይገኛል። ሐኪሙ ድውዩን በሚጠይቅበት ጊዜ የሚመረምረው የደዌውን ዐይነት ብቻ ሳይሆን የታማሚውን ጠባይ ጭምር ስለ ሆነ፣ የሰውዬው ጠባይ ከመድኀኒቱ ጠባይ ጋር የተመሳሰለ በመሰለው ጊዜ ያንን መድኀኒት ከብዙዎቹ መካከል መርጦ ይሰጠዋል።

ከእነዚህ የጠባይ ሥዕሎች ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ከሸረሪት የሚዘጋጀውና በላቲን ስሙ ታረንቱላ ሂስፓኒካ የሚባለው መድኀኒት ሥዕል ነው። መጻሕፍቱ እንደሚሉት የታራንቱላ ጠባይ ያለው ሰው ዕረፍት የማያውቅ፣ እጁና እግሩ ከመንቀሳቀስ የማይቦዝኑ፣ ተኝቶ የሚገላበጥ፣ ቆሞ የሚንቈራጠጥ፣ የጀመረውን ሁሉ በጥድፊያ የሚሠራና ሌላውም እንዲፈጥንለት የሚያስጨንቅ ነው። ዜማ በሰማ ጊዜ ልቡ ይነካል፤ ዜማው አንድ ጊዜ መንፈሱን ያሳርፍለታል፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ያውከዋል። ጭፈራ ይወዳል፤ ደማቅ ቀለም፣ ይልቁንም ቀይና ጥቁር፣ ማየት ይከብደዋል። ከሣቅ ወደ ልቅሶ፣ ከልቅሶ ወደ ቍጣ በድንገት ይለዋወጣል፤ በተቈጣም ጊዜ ልብሱን ይቀድዳል፣ ዕቃ ይሰብራል፣ ራሱንም ይመታል። ከዚህም ሌላ ተንኰል ይነገርበታል፤ ራሱን እንደ ሳተ ሆኖ ይወድቅና የሚያየው ሰው መኖሩን በዐይኑ ጠርዝ ይመለከታል፣ ተመልካች ከሌለ ግን ሕመሙ ይቀልለታል ይባላል። በመጨረሻም ሕመሙ በየዓመቱ በዚያው ወራት እየተመለሰ ይነሣበታል ተብሎ ተጽፎአል።

ይህን ሥዕል በጥሞና የተመለከተ ሰው አንድ ጥያቄ ሊነሣበት ይገባል። በምድር ውስጥ ጕድጓድ ቈፍራ የምትኖር ትንሽ ፍጥረት ቀለም መጥላትንና ዜማ መውደድን፣ በሰው ፊት መውደቅንና ዓመት ቈጥሮ መታመምን ከየት አመጣችው? መልሱ በሸረሪቲቱ መርዝ ውስጥ አይገኝም ብዬ አምናለሁ፤ የሚገኘው በደቡብ ኢጣልያ በፑልያ ምድር፣ በአጫጆችና በደኻ ገበሬ ሴቶች መካከል ከ5 መቶ ዓመት በላይ ጸንቶ በኖረ ልማድ ውስጥ ነው። መድኀኒቱ የሸረሪት ስም ይዞአል፤ በመጽሐፍ የተጻፈለት ጠባይ ግን የእነዚያ ሴቶች የመከራቸው መልክ ነው። ይህንንም ለማስረዳት ነገሩን ከመነሻው ጀምሬ በቅደም ተከተል እጽፋለሁ፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ፑልያ ከኢጣልያ ምድር በስተምሥራቅና በስተደቡብ ጫፍ፣ በአድርያቲክና በኢዮንያ ባሕሮች መካከል ተዘርግታ የምትገኝ ስንዴና ወይራ ወይንም የሚበቅልባት ደረቅ አገር ናት። ከጥንት ግሪኮች ዘመን ጀምሮ የታወቀችው የወደብ ከተማ ታራንቶ በዚያ ትገኛለች፤ ወደ ደቡብ የሚዘልቀውም የአገሩ ክፍል ሳለንቶ ይባላል። መሬቱ ለብዙ ዘመን በጥቂት ባለርስቶች እጅ ስለ ነበረ፣ የሚበዛው ሕዝብ በቀን ሠራተኛነት እየተቀጠረ የሰው እርሻ የሚያርስና የሚያጭድ፣ ወይን የሚለቅም፣ በኋላም ዘመን ትንባሆ የሚሰበስብ ነበር። ሰኔ በገባ ጊዜ ፀሓይ እንደ እሳት ስትበረታ፣ ወንዱም ሴቱም በባዶ እግሩ በስንዴው ነዶ መካከል ይውላል፤ ሸረሪቲቱም የምትገኘው በዚያው እርሻና በዚያው ወራት ነው።

ስለ ሸረሪቲቱም ነገሩን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ስዊድናዊው የሥነ ፍጥረት ሊቅ ሊኔዎስ በ1758 ለፍጥረታት ስም ሲያወጣ ከታራንቶ ከተማ የተነሣውን ስም አጽንቶ የሰጣት፣ ዛሬ ሊኮሳ ታራንቱላ የምትባለው ትልቅ ሸረሪት ናት። ይህች ሸረሪት ድር ዘርግታ አታድንም፤ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርድ ጕድጓድ ቈፍራ በአፉ ላይ ታደባለች፣ የሚያልፈውንም ነፍሳት ዘልላ ትይዛለች። ንክሻዋ ያማል እንጂ ለሰው ሕይወት የሚያሰጋ አይደለም። በዚያው ምድር ግን ሌላ አነስ ያለች፣ መልኳ ጥቁር ሆኖ ቀያይ ነጠብጣብ ያለባት፣ ላትሮዴክቱስ የምትባል ሸረሪት ትኖራለች፤ የእርስዋ መርዝ የጅማትን ጫፍ የሚያውክ ስለ ሆነ ሆድን ያኮማትራል፣ ላብን ያፈሳል፣ ሰውነትን ያንቀጠቅጣል፣ ታማሚውንም ለቀናት ዕረፍት ይነሣዋል። የገበሬው ሕዝብ ግን የዚህችን የጥቁሪቱን ሕመም በዐይኑ ለምታስፈራው ለትልቂቱ ሸረሪት እንደ ሰጠ ብዙ ሊቃውንት ይገምታሉ።

ነገሩ በዚህ ቢቀር ኖሮ የመርዝ ታሪክ ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን በ1362 ስለ መርዝ ዐይነቶች ለሮማ ሊቀ ጳጳሳት በተጻፈ አንድ መጽሐፍ ውስጥ ታራንቱላ የነከሰችው ሰው በዜማ ደስ እንደሚለውና እንደሚድን ተመልክቶ እናገኛለን። ከዚያ ወዲያ በተከታታይ መቶ ዓመታት ልማዱ እየሰፋና እየጸና ሄደ። በ1621 ኤፒፋኒዮ ፈርዲናንዶ የሚባል የመሳኜ ከተማ ሐኪም ያያቸውን 100 ድውያን ታሪክ ባሳተመ ጊዜ፣ ታራንቱላ የነከሰቻቸው ሰዎች እንዴት እንደሚታመሙና በዜማ እንዴት እንደሚታከሙ በሰፊው ጻፈ።

ልማዱም እንዲህ ነበረ። አንዲት ሴት በእርሻ ላይ ሳለች ወይም ከቤቷ ደጅ ተቀምጣ ድንገት ተነከስሁ ብላ ትወድቃለች፤ ፊቷ ይገረጣል፣ አንደበቷ ይታሰራል፣ ከመኝታዋ መነሣት ይሳናታል። ሐኪምም ቄስም ሳይቀድሙ ዘመዶቿ ሙዚቀኞችን ይጠራሉ፤ እነርሱም ቫዮሊን፣ ጊታርና አታሞ፣ በኋላም ዘመን አኮርዲዮን ይዘው መጥተው፣ ሸረሪቲቱ የምትወደው ዜማ የትኛው እንደ ሆነ ለማወቅ የተለያየ ዜማ እያከታተሉ ይሞክራሉ። ሸረሪቶች እንደ ሰው ልዩ ልዩ ጠባይ አላቸው፣ አንዲቱ ኀዘንተኛ፣ አንዲቱ ቍጡ፣ አንዲቱም ዘፋኝ ናት ተብሎ ይታመን ስለ ነበረ፣ ከነካሺቱ ጠባይ ጋር የሚስማማው ዜማ ሲገኝ ብቻ ድውይቱ ትነቃለች። ቀለማቸው የተለያየ ጥብጣቦችም ከፊቷ ይዘረጋሉ፤ የሸረሪቲቱን ቀለም ባየች ጊዜ ትይዘዋለች፣ ታቅፈዋለች፣ ወይም በጥርሷ ትቀድደዋለች፤ ሌላውን ቀለም የለበሰ ሰው ቢቀርብ ግን ትቈጣለች። በመጀመሪያ በምድር ላይ ተዘርግታ እንደ ሸረሪት ትሳባለች፣ ቀጥላ ተነሥታ ትጨፍራለች፣ ደክሟት እስክትወድቅ ድረስም አታሞውን ትከተላለች። እንዲህ ያለው ነገር ለቀናት ይቈያል፤ ሙዚቀኞቹም በነጻ የማይሠሩ ስለ ነበሩ ደኻው ቤተ ሰብ ያለውን ሽጦ፣ ከሌለውም ተበድሮ ይከፍላቸዋል። ዓመት በዞረና ሰኔ በተመለሰ ጊዜ አዲስ ንክሻ ሳይኖር ያው ሕመም ይነሣባታል፣ ሙዚቀኞቹም እንደ ገና ይጠራሉ።

ይህ ነገር የዘመኑን ሊቃውንት ሳያስደንቅ አልቀረም። በሮማ የነበረው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን አታናስዮስ ኪርኸር በ1641 ስለ ማግኔት ኀይል በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ለታራንቱላ ፈውስ የሚሆኑትን ዜማዎች በምልክት አስፍሮ አተመ፤ ሰውም መርዝም አየርም በአንድ ድምፅ የሚንቀጠቀጡ ስለ ሆኑ ዜማ መርዙን ያነቃንቀዋል ብሎ አስተማረ። በሌቼ ከተማ ያደገው ሐኪም ጆርጆ ባሊቪ ደግሞ በ1696 በሮማ ባሳተመው ሥራ ስለ ሸረሪቲቱ አካልና ስለ ንክሻዋ በጥንቃቄ ጻፈ፤ ሆኖም እርሱ ራሱ በእውነት ከተነከሱት ይልቅ ተነከስን የሚሉ ሴቶች እንደሚበዙ፣ ይህም በሕዝቡ ዘንድ የሴቶች ትንሽ ካርኒቫል እንደሚባል ሳይሸሽግ አስታወቀ። በ1742 የናፖሊው ሐኪም ፍራንቸስኮ ሴራዎ ጭራሹን ሕመሙ ከሸረሪት ሳይሆን ከፑልያ ሕዝብ ጠባይና ከአገሩ ሙቀት የመጣ ነው እስከ ማለት ደረሰ። የተማረው ወገን እንግዲህ በ100 ዓመት ጊዜ ውስጥ ከመደነቅ ወደ መጠራጠር፣ ከመጠራጠርም ወደ መናቅ ተሻገረ፤ ሴቲቱም በመጀመሪያ የመርዝ ድውይ፣ በኋላ አስመሳይ፣ በመጨረሻም ጠባየ ብልሹ ተባለች።

ቤተ ክርስቲያን በበኩሏ ልማዱን ልታጠፋው ስላልቻለች ወደ ራሷ አቀረበችው። በግብረ ሐዋርያት እንደ ተጻፈው ቅዱስ ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮ በመላጥያ ደሴት ባረፈ ጊዜ እፉኝት እጁን ነክሳው ምንም ስላልጐዳችው፣ የፑልያ ሕዝብ እርሱን መርዝ ካላቸው ፍጥረታት ሁሉ የሚጠብቅ ቅዱስ አድርጎ ያከብረው ነበር። በሳለንቶ መካከል በምትገኘው በጋላቲና ከተማ በስሙ ትንሽ ጸሎት ቤት ታነጸች፤ በአጠገቧም ያለው የጕድጓድ ውሃ ለተነከሱት ፈውስ ይሰጣል ተብሎ ይጠጣ ነበር። እኛ ሐምሌ 5 ቀን የምናከብረው በዓለ ጴጥሮስ ወጳውሎስ በእነርሱ ዘንድ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ሰኔ 29 ቀን ይውላልና፣ በበዓሉ ዋዜማና በዕለቱ ከየመንደሩ የተነከሱት ሴቶች በጋሪ ተጭነው ይመጣሉ፤ በጸሎት ቤቱ ውስጥ ይጮኻሉ፣ ይወድቃሉ፣ በመንበሩ ላይ ሳይቀር ይወጡ ነበር። በቤታቸው በሙዚቃ የነበረው ሥርዐት በዚህ ስፍራ ሙዚቃው ስለ ቀረ ጩኸትና መወራጨት ብቻ ሆኖ ታየ። የጋላቲና ሰዎች ራሳቸው ግን ሐዋርያው ስለሚጠብቃቸው ሸረሪት አትነክሳቸውም ይባል ነበር፤ ይህም ነገሩ ከመርዝ ይልቅ ከእምነት ጋር የተሳሰረ እንደ ነበረ አንድ ማስረጃ ነው።

ልማዱ በኢጣልያ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። የናፖሊ መንግሥት ለብዙ ዘመን በእስጳንያ ነገሥታት እጅ ስለ ነበረ ሰውም ነገርም በባሕር ይመላለስ ነበር፤ በእስጳንያም ምድር አጫጆች ታራንቱላ ነከሰችን እያሉ በጊታር ዜማ ይታከሙ ነበር። በ1787 ፍራንሲስኮ ሐቪየር ሲድ የሚባል ሐኪም በእስጳንያ የታየውንና ታራንቲስሞ የሚባለውን ይህን ልማድ የሚገልጽ መጽሐፍ በማድሪድ አሳተመ። መድኀኒቱ ሂስፓኒካ፣ ማለት እስጳንያዊት፣ ተብሎ የተጠራበትን ምክንያት ለማወቅ ይህን ማስታወስ ይበቃል።

አሁን ወደ መድኀኒቱ እንመለስ። ሆሚዮፓቲን የመሠረተው ሳሙኤል ሃነማን በ1755 በጀርመን አገር በማይሰን ከተማ ተወልዶ በ1843 በፓሪስ ያረፈ ሐኪም ነው። በ1790 የአንድ ስኮትላንዳዊ ሊቅ የመድኀኒት መጽሐፍ ሲተረጕም፣ ለወባ ይሰጥ የነበረውን የኪና ዛፍ ቅርፊት ራሱ ቀምሶ የወባ ትኩሳት የሚመስል ነገር እንደ ተሰማው ጻፈ፤ ከዚህም ተነሥቶ፣ ለጤነኛ ሰው ሕመም የሚሰጠው ነገር ያንን የሚመስለውን ሕመም በድውይ ላይ ይፈውሳል የሚለውን ሕጉን በ1796 አወጣ፣ በ1810ም ኦርጋኖን በሚባለው መጽሐፉ አስፋፋው። መድኀኒቱንም እንዲህ ያዘጋጃል፤ አንዱን እጅ በ99 እጅ ውሃ ወይም አልኮል ያቀጥናል፣ ከዚያም ከቀጠነው አንድ እጅ ወስዶ እንደ ገና በ99 ያቀጥነዋል፣ ይህንም ብዙ ጊዜ፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ 30 ጊዜ ይደጋግመዋል። የዛሬ የኬሚስትሪ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ግን ማቅጠኑ ከ12 ጊዜ ካለፈ በኋላ ከመጀመሪያው ነገር አንዲት ቅንጣት እንኳ ትቀራለች ማለት ያዳግታል።

ስለ ሃነማን ሲጻፍ ሊታለፍ የማይገባው አንድ ምስጋና አለ። በዘመኑ የነበሩት ሐኪሞች ድውዩን ደሙን እያፈሰሱና አንጀቱን እያጠቡ በሚያደክሙበት ጊዜ፣ እርሱ ሰውዬውን አስቀምጦ ስለ እንቅልፉና ስለ ሕልሙ፣ ስለ ኀዘኑና ስለ ፍርሃቱ በትዕግሥት ይጠይቀውና የነገረውን ሁሉ ይጽፍ ነበር። የመድኀኒቶች ጠባይ የሚባለው ነገር የተወለደው ከዚህ ልማድ ነው፤ ጤነኛ ሰዎች መድኀኒቱን ወስደው በአካላቸውና በመንፈሳቸው የተሰማቸውን ሲጽፉ፣ የተጻፈው ሁሉ ተሰብስቦ የመድኀኒቱ ሥዕል ይሆናል።

ታራንቱላን በዚህ መንገድ የመረመረው ሆሴ ኑኜዝ የሚባል የእስጳንያ ሐኪም ነው። ይህ ሰው በማድሪድ የሆሚዮፓቲ መምህር፣ የንግሥት ኢሳቤላ 2ኛ ሐኪም፣ በኋላም ማርኪስ የሚለውን የመኳንንት ማዕርግ ያገኘ ነበር፤ በ1878 በማድሪድ የተከፈተው የቅዱስ ዮሴፍ የሆሚዮፓቲ ሆስፒታልም የእርሱ ድካም ፍሬ ነው። በ1864 ስለ ታራንቱላ መርዝ እንደ ሃነማን ሥርዐት የጻፈውን መጽሐፍ ባሳተመ ጊዜ፣ ከሙከራው በፊት የታራንቲስሞን ታሪክ አሳጥሮ አስቀደመ። ይህን አደራረግ ልብ እንበል፤ የፑልያና የእስጳንያ አጫጆች ጭፈራ፣ የጥንት ሐኪሞች ምስክርነትና የማድሪዱ ሙከራ በአንድ ጥራዝ ተጠረዙ። ከእርሱ በኋላ የመጡት መምህራን፣ በአሜሪካ የፊላደልፊያው ቈስጠንጢኖስ ሄሪንግ ከ1879 እስከ 1891 በታተሙት 10 ጥራዞቹ፣ በሎንዶንም ጆን ሄንሪ ክላርክ በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ባወጣው መዝገበ መድኀኒት፣ ይህንኑ እያጠቃለሉና ከራሳቸው ድውያን ያዩትን እየጨመሩ ለትውልድ አስተላለፉት።

እንግዲህ የመድኀኒቱን ጠባይ በአንድ ወገን፣ የፑልያን ልማድ በሌላ ወገን አስቀምጠን ብናመዛዝን፣ ሁለቱ ነጥብ በነጥብ ይገጥማሉ። ዜማ አንድ ጊዜ ያሳርፋል፣ አንድ ጊዜ ያውካል የተባለው፣ ሙዚቀኞቹ ትክክለኛውን ዜማ እስኪያገኙ ድረስ ድውይቱ በማይስማማት ዜማ ትሠቃይ ስለ ነበረ ነው። ቀለም ማየት ይከብደዋል የተባለው ከጥብጣቦቹ የመጣ ነው። ልብስ መቅደዱና መውደቁ የሥርዐቱ ክፍል ነበሩ። በየዓመቱ ይመለሳል የተባለው የሰኔ አጨዳና የሐዋርያው በዓል በየዓመቱ ስለሚመለሱ ነው። ተመልካች ከሌለ ይቀልለታል፣ በዐይኑ ጠርዝ ያያል የሚለው ክስም፣ ሐኪሞች በደኻ ሴቶች ላይ ለ200 ዓመት ያህል ሲናገሩት የኖሩት ጥርጣሬ ነው። ጭፈራው ዘመድና ጎረቤት፣ ሙዚቀኛና አታሞ የሚሻ ሥርዐት ስለ ነበረ በሰው ፊት መፈጸሙ ግድ ነበር፤ በሰው ፊት የሚፈጸም ሥርዐት ሁሉ ማታለል ከተባለ ሰርግም ልቅሶም ማታለል ሊባል ነው። መጽሐፉ ሥርዐቱን ከማኅበሩ ለይቶ የአንድ ሰው ጠባይ ባደረገው ጊዜ የሥርዐቱ ምክንያት ጠፋ፣ ነቀፌታው ብቻ ቀረ።

በዚህ ስፍራ የአገራችን ስም የሚነሣበት እውነተኛ ምክንያት አለ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በራስ ወልደ ሥላሴ ዘመን በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ ስለ ሕይወቱ የጻፈው መጽሐፍ ከሞተ በኋላ በ1831 በሎንዶን ታተመ፤ በውስጡም በትግራይ ትግርትያ ስለሚባል ሕመም ያየውን አስፍሮአል። ሕመሙ የሚይዘው ይልቁንም ሴቶችን ሲሆን፣ ሰውነት እየከሳ፣ አንደበት እየተሳሰረ ይሄዳል። አንዳንዶች ለድውይቱ ደብተራ ጠርተው የዮሐንስን ወንጌል እያስነበቡ ውሃ ያስረጩአታል፤ ሌሎች ደግሞ መለከትና ከበሮ የሚመቱ ሰዎች ቀጥረው፣ ድውይቱን ከጎረቤት በተለመነ የብር ጌጥ አስጊጠው ያስጨፍሩአታል። ድካም ጥሏት ከወደቀች በኋላ የክርስትና ስሟን ስትናገር ድናለች ይባላል። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1832፣ የበርሊኑ የሕክምና ታሪክ ሊቅ ሄከር ስለ ጭፈራ ሕመም በጻፈው ታዋቂ መጽሐፍ ውስጥ የፑልያን ታራንቲስሞና የትግራይን ትግርትያ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። በትግራይ ሸረሪት ስሟ አልተነሣም፤ ሆኖም ሴቶቹ፣ ዜማው፣ ጌጡ፣ መውደቁና መዳኑ ሁሉ አሉ። ያለ ሸረሪት የሸረሪት ሕመም ከተገኘ፣ ሸረሪቲቱ ለነገሩ ስም ሰጠች እንጂ ምክንያት አልሆነችም ማለት ነው።

ይህን በሚገባ ያስረዳው ኤርኔስቶ ደ ማርቲኖ የሚባል የኢጣልያ የሃይማኖት ታሪክ ሊቅ ነው። በ1959 በሰኔ ወር የአእምሮ ሐኪም፣ የሥነ ልቡና አዋቂ፣ የሙዚቃ ሊቁን ዲዬጎ ካርፒተላንና ፎቶግራፍ አንሺ አስከትሎ ወደ ሳለንቶ ወረደ፤ በናርዶ ከተማ በቤት ውስጥ የሚደረገውን ሥርዐት፣ በጋላቲናም የበዓሉን ዕለት ተመለከተ። ቫዮሊን የሚመታው ሉዊጂ ስቲፋኒ በሞያው ፀጕር አስተካካይ ነበር፤ ነጭ አንሶላ በወለል ላይ ተነጥፎ ድውይቱ በላዩ ስትጨፍር፣ እርሱ ዐይኑን ከእርስዋ ሳይነቅል ምቱን ያፈጥን ያዘገይ ነበር። ደ ማርቲኖ የድውያኑን ታሪክ ሲመረምር፣ የሚበዙት ሴቶች መሆናቸውን፣ የመጀመሪያው ንክሻ አብዛኛውን ጊዜ ለአቅመ ሔዋን በሚደረስበት ዕድሜ እንደሚሆን፣ ከዚያም በፊት የአባት ሞት፣ የወደዱትን ሰው በድኽነት ምክንያት ማጣት፣ ያልወደዱትን እንዲያገቡ መገደድ እንደሚገኝ አስተዋለ። እነዚህ ሴቶች ስለ ኀዘናቸው በቃል እንዲናገሩ የሚፈቅድላቸው ሰው አልነበረም፤ ሸረሪቲቱ ግን ነክሳለች ከተባለ መንደሩ ሁሉ ሥራውን ትቶ ይሰበሰብላቸው ነበር። በ1961 ያሳተመው መጽሐፉ ይህን ሲያስረዳ፣ ፈረንሳዊው ተመራማሪ ሚሼል ሌሪስ ስለ ጎንደር ዛር የጻፈውንም እያነጻጸረ ነው።

ደ ማርቲኖ ያየው የልማዱ መጨረሻ ነበር። የሐዋርያው ውሃ ለጤና አይስማማም ተብሎ ጕድጓዱ በ1950ዎቹ መጨረሻ ተዘጋ፤ ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ሰሜን ኢጣልያ፣ ወደ ስዊስና ወደ ጀርመን ተሰደደ፤ ዛሬ ዜማው ከ1998 ጀምሮ በየነሐሴው በሜልፒኛኖ በሚደረግ ታላቅ የሙዚቃ ምሽት ለደስታ ይሰማል። የመድኀኒቱ ጠባይ ግን በመጻሕፍት ውስጥ ሳይለወጥ ቀረ፤ እንዲያውም በቅርብ ዘመን የተነሡ መምህራን ከሸረሪት የሚዘጋጁትን መድኀኒቶች ሁሉ በአንድ ወገን መድበው፣ ጠባያቸው ወጥመድ መዘርጋትና ሌላውን በድር መተብተብ ነው እያሉ ይጨምሩበታል። ታራንቱላ ግን ከላይ እንደ ተናገርሁት የማደኛ ድር የሌላት ሸረሪት ናት። መድኀኒቱ ይፈውሳል ወይ ለሚለውም ጥያቄ፣ የአውስትራልያ መንግሥት የሕክምና ምርምር ጉባኤ በ2015 ባወጣው ዘገባ የቀረቡትን ጥናቶች መርምሮ፣ ሆሚዮፓቲ የሚፈውሰው የታመነ ማስረጃ የቀረበለት አንድ ሕመም እንኳ አላገኘም።

እንዲህም ቢሆን እነዚያን ገጾች መጣል ይገባል አልልም። የፑልያ ገበሬ ሴቶች ፊደል ያልቈጠሩ ስለ ነበሩ ስለ ራሳቸው የጻፉት ነገር የለም፤ ስለ እነርሱ የምናውቀው ሐኪሙ፣ ካህኑና ተመራማሪው በየዘመናቸው የጻፉትን ነው፤ የሆሚዮፓቲውም ገጽ ከእነዚህ ምስክሮች አንዱ ነው። ጥፋቱ የሚመጣው ገጹን የታሪክ ምስክር መሆኑን ዘንግተን የተፈጥሮ ሕግ አድርገን ስናነበው ነው። ዛሬ በአንድ ከተማ ዕረፍት ያጣች፣ የምታለቅስና የምትቈጣ ሴት ወደ ሐኪም ቀርባ፣ የአንቺ ጠባይ የታራንቱላ ነው፣ ታስመስያለሽ፣ ታታልያለሽ ተብላ ብትመደብ፣ ስለ አጨዳው ድካምና ስለ ዕዳው፣ ያለፈቃድ ስለ ተፈጸመው ጋብቻ ሳይጠየቅ በእናቶቿ ላይ የተፈረደው ፍርድ በእርስዋም ላይ ተደገመ ማለት ነው። የጥንቱ መንደር መድኀኒት ባያውቅ እንኳ ሴቲቱን ለማንሣት ገንዘቡንና ጊዜውን አፍስሶ በዙሪያዋ ይቆም ነበር፤ ሃነማንም የድውዩን ቃል እስከ መጨረሻው ለመስማት ይታገሥ ነበር። ከዚህ ታሪክ ወስደን ልንይዘው የሚገባን እነዚህን ሁለቱን ነው፤ የታመመውን ሰው ጠባይ ከመሰየማችን በፊት ኑሮውን መጠየቅ፣ ኑሮውንም ከጠየቅን በኋላ ብቻውን አለመተው።